ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ

ልጄ፣ ለዘንድሮው የስካውት ሰመር ካምፕ የጠመንጃ ተኩስ መምረጥሽን እናትሽ ነገረችኝ። የነገረችኝ እንድከለክልሽ ነው። እኔ ግን አልከለክልሽም፤ ሂጂና ተማሪ። የምትማሪው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከመሄድሽ በፊት ልንገርሽ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና።

ብዙ ሰው ተኩስ መማር ማለት ዒላማ መምታት መማር ይመስለዋል። ዒላማ መምታት የትምህርቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ፣ ከአፈሙዝ የወጣች ጥይት አንድ ቦታ እስክታርፍ ድረስ ያንቺ መሆኗን ማወቅ ነው። የት እንደምትወድቅ፣ ከዒላማው ጀርባ ማን እንዳለ፣ ምን በስታ እንደምታልፍ፣ ሁሉም በአንቺ ስም ነው። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ስለ ቃል ነው። ለቃል ግን መላ አለው፤ ይቅርታ ይጠየቅበታል፣ አማላጅ ይላክበታል፣ ካሣ ይቆረጥበታል። ጥይት ሽማግሌ አትሰማም።

እናትሽ የፈራችው በከንቱ አይደለም። በዚህ በምንኖርበት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1 እስከ 19 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን አልፎ አንደኛ ሆኗል። ይህን የሰማች እናት «አይሆንም» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ ከእሷ የምለየው በመድኃኒቱ ነው። በዚህ አገር ጠመንጃ በጎረቤት ቤት አለ፣ በጓደኛ ቤት ምድር ቤት አለ፣ በመኪና ውስጥ አለ። የማትሸሺው ነገር ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታገኚው አጥር ባለው ሜዳ፣ ቆጣ ባለ መምህር ፊት ቢሆን ይሻለኛል። ማወቅ ብቻውን እንደማያድን ግን አውቃለሁ፤ መሣሪያን ስለ መቆለፍ በኋላ የማነሣልሽ ለዚህ ነው።

ስካውትነት ራሱ ከወታደር እጅ የወጣ ነው። ሮበርት ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በደቡብ አፍሪካ ማፈኪንግ ከተማ 217 ቀናት ተከቦ በቆየበት ጊዜ ልጆች መልእክት ሲያደርሱ፣ ቆመው ሲጠብቁ አየ። እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር ግን ያስተማራቸው ውጊያ አልነበረም። ዱካ መከተል፣ እሳት ማንደድ፣ የተጎዳ ማንሳት፣ ከሁሉም ይልቅ ልብ ብሎ ማየትን ነበር። ነገሩ በ1910 አሜሪካ ገባ፤ በ1911 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የሙያ ምልክቶች አንዱም የተኩስ ነበር። በጃንሆይ ዘመን በእኛም አገር ስካውቶች ነበሩ። ይህን የማነሳልሽ በስካውት ቤት ጠመንጃው ከማየት በኋላ የመጣ መሆኑን እንድታውቂ ነው። ያላየ አይተኩስም።

ከዘመድ መካከል «ሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል?» የሚል አይጠፋም። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ የተዋጉትን ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን ጥቀሺላቸው። አንቺ የምትሄጂው ለጦርነት አይደለም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን ተኩስ የጉልበት ሙያ አይደለም። በዚህ አገር በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ወንድና ሴት በአንድ መስመር ነው የሚተኩሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ብቻ የነበሩበት ቡድን አገሩን ሁሉ አሸንፎ ዋንጫ ወስዷል። የሚፈተነው እርጋታ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንቺ ላይ አለ።

እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ የሚባሉትን ስሞች ከፊደል በፊት ነው ያወቅኋቸው። በቤታችን ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ዝናሩ ግን ሌላ ቦታ ነው። አባቴ ጠመንጃ ስናቀብለው አፈሙዙ ወደ ጣራ፣ ሰደፉ ወደ እሱ መሆን ነበረበት። «ባዶ ነው» ብንለው አይሰማንም። ከፍቶ ያያል፣ ጣቱን አስገብቶ ይዳስሳል፣ ከዚያ ነው የሚቀበለው። ያቀበለው ወንድሙ ቢሆን እንኳ እንዲያው ነው። ወንድሙም አይከፋውም፣ እሱም ተራው ሲደርስ ያንኑ ያደርጋልና። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው በጠመንጃ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ካምፕ ስትደርሺም ይህንኑ በሌላ አነጋገር ታገኚዋለሽ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ይዞር። ለመተኮስ እስክትዘጋጂ ጣትሽ ከቃታው ውጭ ይሁን። የመተኮሻው ሰዓት እስኪደርስ ጠመንጃው አይጉረስ። እነዚህ ሦስቱ አንዱ ቢረሳ ሌላው እንዲያድን ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ጣት ቢያጠፋ እንኳ አፈሙዙ ወደ አፈር ካየ ሰው አይሞትም። ስካውቶች ደግሞ ሰው ላይ መደገንን ፈጽመው ከልክለዋል፤ ቀለም የሚረጨውን መጫወቻ እንኳ ቢሆን፣ የጨረሩን እንኳ ቢሆን። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ሜዳው ላይ የሚሆነውን ላሳይሽ። ጠመንጃው መዝጊያው ተከፍቶ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ ይቀመጣል። የተኩስ ሜዳው ኃላፊ «አጉርሱ» እስኪል ጥይት አይነካም፤ «ተኩሱ» እስኪል ቃታ አይነካም። ተኩሱ ቆሞ ሰዎች ዒላማቸውን ሊያዩ መስመሩን ሲያልፉ፣ የቀረው ሰው ከመሣሪያው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሊያስተካክል አያጎነብስም፣ ሊወለውል አይዳስስም። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያላደረገ ወደ መስመሩ አይጠጋም። የምትተኩሻት 22 ካሊበር ትንሽ ናት ይሏታል፤ ድምፅዋ ግን ወደ 140 ዴሲቤል ይጠጋል፣ በጥይት ድምፅ የደነቆረ ጆሮም አይመለስም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም»። ሙቀት ነው ብለሽ፣ ፀጉሬን ያበላሽብኛል ብለሽ እንዳታወልቂው።

አሁን ከሁሉ የበለጠውን ነገር ስሚኝ። እኛ አንቺን ያሳደግንሽ ታላቅ ሲናገር ዝም እንድትዪ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብለን፣ ታላቅን አታርሚ ብለን፣ ሰው ፊት አፍሽን አትክፈቺ ብለን አሳድገንሻል። በዚህ አስተዳደግሽ እኮራለሁ። የተኩሱ መስመር ላይ ስትደርሺ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። እዚያ ያለው ደንብ ሌላ ነው፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው፣ ከሁሉም የምታንሰው ልጅ ብትሆንም፣ «ሲዝ ፋየር!»፣ ማለት «ተኩስ አቁሙ!» ብሎ መጮህ አለበት። ሲጮህ ሁሉም ጣቱን ከቃታ ያነሣል። ኃላፊውም እንደ ሌላው ይታዘዛል። ማን ጮኸ፣ ለምን ጮኸ የሚባለው ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ምን ሲሆን ልትጮሂ እንደምትችዪ ልንገርሽ። ጎንሽ ያለችው ልጅ ጠመንጃዋ እንቢ ይላታል። መምህሩን ልታሳየው «ይኸው ተያዘብኝ» ብላ ከነጠመንጃው ዞር ትላለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አፈሙዙ ግን የዞረው ወደ እናንተ ሁሉ ነው። በዚያች ቅጽበት ይሉኝታ ከያዘሽ፣ «አሁን ያዩታል፣ እኔ ምን አገባኝ» ካልሽ፣ ያ ዝምታ አያምርብሽም። በእኛ መንደር አንድ ወጣት የአጎቱ ጠመንጃ እንደጎረሰ መሰቀሉን አይቶ ታላቁን ላለማሳፈር ዝም አለ። ማታ ሲያወርዱት ባርቆ የቤቱን ሰው ጭን መታ። ሰውየው ተረፈ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ግን አነከሰ። ልጁ ማየቱን የተናገረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ታላቅን ማክበር ማለት በዚያች ሰዓት ታላቁን ማስቆም ነበር። ድምፅሽ ቀጭን ነው፤ ካምፕ ከመሄድሽ በፊት መኝታ ቤትሽን ዘግተሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። እኛ አንቆጣም።

ስለ አተኳኮሱ መምህርሽ ይበልጠኛል፣ ጥቂት ብቻ ልበል። መጀመሪያ የትኛው ዓይንሽ እንደሚመራ እወቂ። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ በመዳፎችሽ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሪ፣ በዚያ ውስጥ ራቅ ያለ ነገር ተመልከቺ፣ ከዚያ ዓይኖችሽን በየተራ ጨፍኚ። ነገሩን ሳይለቅ የሚያየው ዓይን መሪው ነው። በቀኝ እጅሽ የምትሠሪ ሆነሽ ግራ ዓይንሽ መሪ ከሆነ ለመምህሩ ንገሪው፣ አትደብቂው። ከዚያ ተኝተሽ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተደግፈሽ ስታነጣጥሪ ዓይንሽ ከአፈሙዙ ጫፍ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ ይረፍ። ዒላማው ደብዘዝ ይላል፤ ይደብዝዝ። ትንፋሽሽን ገሚሱን አውጪና ያዢ። ቃታውን አትመንጭቂው፤ መቼ እንደሚተኮስ እስከማታውቂው ድረስ ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ከተተኮሰ በኋላም ወዲያው ቀና አትበዪ።

ትንፋሽሽን ይዘሽ ማነጣጠሪያው ከተንቀጠቀጠብሽ፣ ደረትሽ አየር ከጠየቀ፣ ያቺን ጥይት አትተኩሺ። ጣትሽን አንሺ፣ ተንፍሺ፣ እንደ አዲስ ጀምሪ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ጥይት ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም። እኔ ጎበዝ ተኳሽ የምለው ሳይተኩስ ማውረድ የሚችለውን ነው። አባቴ ዘንድ የሚከበሩት አልሞ ተኳሾች እነዚህ ነበሩ፤ ዝናራቸውን በአንድ ቀን የሚያራግፉትን እንደ ሰው አይቆጥራቸውም ነበር።

የተኩሱን የሙያ ምልክት ለማግኘት በ22 ካሊበሩ ከሚጠየቀው አንዱ እንዲህ ነው። ከ50 ጫማ፣ ማለት ከ15 ሜትር ያህል ርቀት ሦስት ጥይት ትተኩሻለሽ፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ የ25 ሳንቲም ኳርተር መሸፈን አለባቸው። ይህን አምስት ጊዜ ነው የምታደርጊው። ልብ በዪ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሐሉን መምታት አይደለም፤ ሦስቱም አንድ ቦታ መሆናቸው ነው። ወደ መሐል ማምጣቱ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል በኋላ ይደረጋል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ልጅ ማሳደግ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ቃታ ስበሽ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞሪ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቂ፣ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላልና። ድምፁ ከወትሮው ካነሰብሽ ደግሞ ሌላ አታጉርሺ፤ አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። እጅሽን አንሥተሽ መምህሩን ጥሪ።

ሳምንቱ አልቆ ኳርተሩ እንቢ ሊልሽ ይችላል። ጓደኞችሽ ምልክቱን አግኝተው አንቺ ባዶሽን ትመጪ ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል ሊቃውንት። የጀመርሽው አይጠፋም፣ 18 ዓመት እስኪሞላሽ ድረስ የቀረሽን መጨረስ ትችያለሽ። ይልቅ መምህሩ አዝኖልሽ ያልሠራሽውን ሊፈርምልሽ ቢል አትቀበዪው። በዚህ ሙያ ያልተሠራ ነገር ከተፈረመ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሌላም አለ። አንድ ቀን ለዘመድ ሠርግ ወደ አገር ቤት ትሄጃለሽ። ጎጃምም ሆነ ጎንደር ሙሽራ ሲገባ ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ ለቅሶ ላይም ይተኮሳል። ከአጎቶችሽ አንዱ አሜሪካ ተኩስ መማርሽን ሰምቶ በኩራት «እስቲ አንድ አሰሚን» ብሎ ክላሽ ያቀብልሽ ይሆናል። እጅ ንሺና «አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በዪ እንጂ አትቀበዪ። ሰማይ ላይ የቀረች ጥይት የለችም። ካምፕ የምትተኩሻት ትንሿ 22 እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ የክላሹ ከዚያም ይርቃል። ከወንዙ ማዶ ያለው እረኛ እዚህ ሠርግ መሆኑን አያውቅም። አሪዞና የተባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 በከተማ ውስጥ በግድየለሽነት መተኮስን ከባድ ወንጀል ያደረገው ይህንኑ አይቶ ነው። አባቶቼን አከብራለሁ፣ ይህን ልማድ ግን አልደግፍም። በአርበኝነት ዘመን ጥይት ብርቅ ስለነበረች ለአንዷ ይሳሱላት ነበር፤ ከእነሱ የምወርሰው ያንን ስስት ነው። ለደስታ እልልታ አለ፣ ከበሮ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እናትና አባትሽም ይስሙ። በዲሲ ዙሪያ ሱቅ የሚያመሹ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሽጉጥ ገዝተው ትራስ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ የመኪና መሳቢያ ውስጥ የሚያኖሩ አሉ። የፈሩት ሌባን ነው፤ ቀድሞ የሚያገኘው ግን ልጃቸው ነው። መሣሪያ ባዶ ሆኖ ይቆለፋል፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፋል፣ ቁልፉም ልጅ በማያውቀው ቦታ ይሆናል። በሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ጠባቂ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው በሕግ ያስጠይቃል። ሕግ ባይኖርም እኔ ይህንኑ ነበር የምለው። በማኅበራችን የማይወራ ነገር ደግሞ ልናገር፤ በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በገዛ እጃቸው የሚያልፉ ናቸው። ክፉ ሰዓት ያልፋል። እስኪያልፍ ድረስ በልጅና በመሣሪያ መካከል የተቆለፈ ብረት መኖሩ ስንቱን ያተርፋል። ልጄ፣ አንቺም የጨለመብሽ ቀን ካለ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ። እኔን ካጣሽ 988 ላይ ደውዪ፤ ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው አለ።

ጓደኛ ቤት ሄደሽ መሣሪያ ካየሽ አትንኪ፣ ክፍሉን ለቀሽ ውጪ፣ ለትልቅ ሰው ንገሪ። ተኩስ ተምሬአለሁ፣ ባዶ መሆኑን አይቼ ላስቀምጠው እንዳትዪ። የተማርሽው መምህር ባለበት ሜዳ ላይ ነው። «የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ካነሣሽው በኋላ የሚሆነው ሁሉ ወደ አንቺ ይመጣል። እናትሽም ሌላ ቤት እንድታድሪ ከመፍቀዷ በፊት «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» ብላ ትጠይቅ። ይከብዳታል፣ አውቃለሁ። ቡና ጠጥተን፣ ልጆቻችንን አብረን ክርስትና አንሥተን ይህን መጠየቅ ነውር ይመስላታል። ትጠይቅ።

ከሜዳው ስትመለሺ ከመብላትሽ በፊት እጅሽንና ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቢ፤ ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ለልጅ አንጎልም ጠንቅ ነው። ልብስሽንም ሳትቀይሪ ታናሽ ወንድምሽን አትቀፊው።

ፎርሙ ላይ እንድትፈርም እናትሽን እኔ አናግራታለሁ። የስካውት ሥራ ሁሉ ለወላጅ ዓይን ክፍት ነው፤ ስለዚህ ከተኩሱ ቀናት አንዱን መጥታ ከመስመሩ ኋላ ቆማ ትይ። ከኋላ ለሚቆምም የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ለእሷም አንድ ትርፍ ያዢላት።